የጋሼ ፍሥሐ ገጽ

ጋሼ ፍሥሐ ቤንዚን ሊሞሉ ከመኪናው በወረዱ ቁጥር አንድርያስ ከፊት ወንበር ከኋላ ወደተቀመጠችው ወደ ሐምራዊት ይዞርና ያችኑ ወሬ ይደግማታል። «የመጨረሻውን ገጽ ሩሲያዊው አልጻፈውም። እኚህ ሰውዬ ናቸው የጻፉት።»

ሰኞ ይላታል፤ ሐሙስ ይላታል። ከማን ሰማህ ሲባል አንዴ ከራሳቸው ነው፣ አንዴ ሌኒንግራድ አብሯቸው ከተማረ ሰው ነው፣ አንዴ ደግሞ ይሄማ የታወቀ ነው ብሎ ያልፈዋል። መጽሐፉን ግን አላነበበውም። ሐምራዊት ይህን አጣርታለች፤ ባለታሪኳ ማን ትባላለች ብላ ብትጠይቀው «ሴትየዋ ናታ» ብሎ ነበር የመለሰላት።

«ያላነበብከውን መጽሐፍ ደራሲ ከምትቀይር፣» አለችው ያን ቀን፣ «ሁልጊዜ የምትረሳውን የሥራ ባጅህን ብታስታውስ ይሻልሃል።»

አንድርያስ ሳቀ። ስድብ አይገባውም፤ እንደ ዝናብ ካፖርት ነው፣ ከላይ ከላይ ይወርድለታል። ጋሼ ፍሥሐ ተመልሰው ሲገቡ ፊቱን ወደ ፊት አዞረ፤ ወሬውም እስከሚቀጥለው ቤንዚን ተኛ።

መጽሐፉ «የመልካው ደወል» ይባላል። የጻፈው ሳቬሊ ዛሬችኒ ነው፤ አገሩ ሐውልት ያቆመችለት፣ ይህ አንድ ልብ ወለዱ ብቻ አራት ጊዜ ፊልም የሆነለት ሰው። ታሪኩ ማርፋ ስለምትባል ጀልባ ቀዛፊ ነው። የባላባቱ ልጅ ባሏን በሐሰት ወንጅሎ ሳይቤሪያ ያስልከዋል፤ ባሏም እዚያው ይቀራል። እሷ ጀልባውን ተረክባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስታሻግር ትኖራለች። በመጨረሻ ያ የባላባት ልጅ አርጅቶ፣ ሀብቱም ወዳጁም አልቆበት፣ ከወንዙ ዳር ይቆምና የመሻገሪያውን ደወል ይደውላል።

ሐምራዊት መጽሐፉን ያገኘችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ሻሸመኔ፣ መጽሐፍ በቀን ከሚያከራይ አንድ ሱቅ ነው። ሽፋኑም የመጀመሪያው ቅጠሉም ተገንጥሎ ስለነበር ማን እንደተረጎመው አይታወቅም። አምስት ጊዜ ተከራየችው። በስድስተኛው ባለሱቁ ካንቺ በቀር የሚጠይቀው ስለሌለ ወስደሽ አስቀሪው አላት። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ስትወድቅ አነበበችው፤ ልብስ ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራ አነበበችው፤ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስትገባም ከሻንጣዋ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበር። ድምሩ አሥራ አንድ ጊዜ። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ማንም ሳያስተምራት ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳባት አትፈልግም።

ጋሼ ፍሥሐን ያገኘቻቸው በራይድ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ካናል ዊንቸስተር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ ይለያሉ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያው የሚሠሩትን፣ መኪና የሌላቸውን ሐምራዊትንና አንድርያስን ከሬይኖልድስበርግ ጭነው ይሄዳሉ። ሃይዌይ ላይ በሰዓት ከአምሳ ማይል አያልፉም። የጭነት መኪኖች እያንባረቁባቸው ሲያልፉ «ሂድ፣ ሂድ፣ ቀድመህ ጠብቀኝ» ይላሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድርያስ ስለ ሴት ልጅ አንድ የማይረባ ነገር ተናገረ። ሐምራዊት ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር መዘዘችበት። ማርፋ የወንዙን ጥልቀት እንዴት እንዳወቀች የሚናገረውን ነው፤ ግማሹን እንዳለች የቀረውን ግማሽ የጨረሱት ጋሼ ፍሥሐ ናቸው፣ መሪያቸውን እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

«እርስዎም አንብበውታል?» አለች ሐምራዊት።

«ተርጉሜዋለሁ፣» አሉ፤ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠዋቱ መንገድ የዛሬችኒ ሆነ። አባቱ ደወል አቅላጭ እንደነበር፣ ልጁ በአራት ዓመቱ ከትኩስ ናስ ተጠግቶ አንድ ጆሮው እንደጠፋ፣ አሥራ አንድ ዓመት በግዞት ቆይቶ ያለ ጥርስ እንደተመለሰ፣ ሲጽፍ ቆሞ እንደነበረ፣ ሚስቱ ረቂቁን በእጇ ሰባት ጊዜ እንደገለበጠችለት ይነግሯታል። ሰውዬው ሲሞት መበለቲቱ እጅ ላይ ከወረቀት ሌላ አልቀረም። የመጀመሪያዎቹ ፊልም ሠሪዎች ሲመጡ ለአንድ ክረምት የሚሆን የማገዶ እንጨት ተቀብላ ፈቀደችላቸው። ጋሼ ፍሥሐ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ሰውዬው እዚያው ሬይኖልድስበርግ፣ ከሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ይመስላል።

ስለ መጨረሻው ገጽ ግን አያወሩም። ሐምራዊት ስታነሳው መስኮት ዝቅ ያደርጋሉ፣ ወይም የመኪናው ማሞቂያ ትዝ ይላቸዋል።

ያ ገጽ እንዲህ ነው። ማርፋ ደወሉን ሰምታ ትወርዳለች። ሰውየውን እጁን ይዛ ጀልባው ላይ ታስቀምጠዋለች። ዝም ብላ ትቀዝፋለች። ወንዙ መሐል ሲደርሱ «ታውቂኛለሽ?» ይላታል። እሷም «አውቅሃለሁ። ቀስ ብዬ የምቀዝፈው ለዚህ ነው» ትለዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ማዶ መድረሳቸውን እንኳ አይናገርም። ሐምራዊት በሕይወቷ ይህን የሚያህል ስድብም፣ ይህን የሚያህል ምሕረትም ሰምታ አታውቅም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አሥራ አንድ ጊዜ አንብባ አልለየችውም።

ኅዳር ላይ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ያለ አንድ ትንሽ ሲኒማ አራቱንም የዛሬችኒ ፊልሞች በአራት ቅዳሜዎች ሊያሳይ መሆኑን ስልኳ ላይ አየች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሄደች። የመጀመሪያው ድምፅ አልባው ነበር። ማርፋ እንደ ሙሽራ ተኳኩላለች፤ ወንዙ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያህላል። ደወሉ ሲደወል፣ ማርፋ በር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ፊልሙ አለቀ። ሐምራዊት ተነስታ የቀረውን ጠበቀች። የቀረ ነገር አልነበረም፤ መብራት በራ።

ፊልሙን ያስተዋወቁት ዶክተር ሊንድኲስት የሚባሉ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ሐምራዊት በር ላይ ያዘቻቸው። ፊልም ሠሪው ፈሪ ነው፣ ዋናውን ነገር ቆርጦ ጥሎታል አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ ድምፅ አልባ ፊልም ብዙ ነገር ይቆርጣል አሉ። ከዚያ በምን ቋንቋ እንዳነበበችው ጠየቋት። በአማርኛ ስትል ፊታቸው በራ። ዛሬችኒን በአማርኛ ያነበበ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከፊልሙ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ብትናገር ደስታቸው እንደሆነ ነገሯት።

አሥር ደቂቃ። ለሌላ ሰው ሻይ የሚፈላበት ጊዜ ነው። ሐምራዊትን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ተናገሪ ብሎ የጋበዛት ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በቁጥር ነው የጣላት፤ መጋዘኑ በሰዓት ስንት ሳጥን ስካን እንዳደረገች በቁጥር ነው የሚያውቃት። የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው፣ እሷ ቆማ፣ ያነበበችውን የምትናገርበት አሥር ደቂቃ ማለት ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ አለመሆኑን በሰው ፊት ማስመስከር ነበር። ስለዚህ ያዘችው፤ እንደ ነፍሷ።

ሁለተኛውን ፊልም አየች፤ የሶቪየቶቹን፣ ሁለት ክፍል፣ በቀለም። ደወሉ ላይ አለቀ። ሦስተኛውን የእንግሊዞቹን የቴሌቪዥን ሥራ አሳጥረው አሳዩ፤ እነሱ ጭራሽ ማርፋንና የባላባቱን ልጅ ድሮ ፍቅረኞች አድርገዋቸዋል። እሱም ደወሉ ላይ አለቀ። አራተኛው አዲሱ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ወንዙን ኦሃዮ ወንዝ፣ ማርፋን ማርታ ያደረጉት። ማለቂያውን ኢንተርኔት ላይ ቀድማ አየችው። ደወል፤ በር፤ ጨለማ። አራት አገር፣ መቶ ዓመት፣ አንድ ፍርሃት። ንግግሯን አገኘች። ብሬክ ላይ፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ በሣጥን ወረቀት ጀርባ መጻፍ ጀመረች።

ለጋሼ ፍሥሐ የነገረቻቸው አንድርያስ ባልመጣበት ቀን ነው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ሳቅ አሉ፣ ጎበዝ አሉ፤ ርእሱ የመጨረሻው ገጽ መሆኑን ስትነግራቸው ግን ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው እስከ ሃይዌዩ መውጫ ድረስ ነዱ።

«የመጨረሻውን ገጽ ተይው፣» አሉ በኋላ። «ሌላ ስንት የሚነገር አለ። ስለ ደወሉ ተናገሪ። ስለ ባሏ ደብዳቤ ተናገሪ።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ የሚባል መልስ ሐምራዊት ሕፃን ሳለችም ተቀብላ አታውቅም። ወዲያው የአንድርያስ ወሬ መጣባት። ለካ ያ ሞኝ ከሰማይ አላወረደውም፤ ሰውዬው ፈገግ እያሉ፣ መስኮት ዝቅ እያደረጉ ራሳቸው ያበቀሉት ወሬ ነው። ገጹ የዛሬችኒ ተብሎ በሰው ፊት እንዳይነገርባቸው ነው አለች በልቧ። አፏም ልቧን አልጠበቀም።

«ጋሼ፣ ተርጓሚ ማለት የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ነው። ወጡን ያቀርባል እንጂ እኔ ሠራሁት አይልም።»

«ልክ ነሽ፣» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ንግግሩ አላነሱም።

እውነቱን ለመናገር፣ ማጣራት ትችል ነበር። ሬይኖልድስበርግ ላይብረሪ የእንግሊዝኛው ትርጉም መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ከሁለት ዓመት በፊት አውጥታው አርባ ገጽ ድረስ ሄዳለች፤ ማርፋ በእንግሊዝኛ የሌላ ሰው ጫማ ያደረገች መስላ ታየቻትና መለሰችው። አሁን ሄዳ የመጨረሻውን ቅጠል መግለጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አልሄደችም። መግለጡ ራሱ አንድርያስ ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነዋ! መጽሐፍ ላላነበበ ሰው ወሬ ብላ መጽሐፍ ልታጣራ? ሞቷን ትመርጣለች።

በመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲኒማው ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሐምራዊት ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ወረቀቱን አልያዘችም፣ በቃሏ ነው። ጥሩ ጀመረች። የመጽሐፍ ኪራዩን ነገረቻቸው፤ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ የደራሲው ስም እስኪገኝ አራት ዓመት እንደፈጀባት ነገረቻቸው፤ መሳቅ ያለባቸው ቦታ ሳቁ። ከዚያ አራቱን ፊልም ሠሪዎች ተራ በተራ ገረፈቻቸው። ፈሪዎች ናቸው አለች። ደወሉን አስደውለው የሚሸሹ፣ የሰው በር አንኳኩቶ እንደሚሮጥ የሰፈር ውሪ ናቸው አለች። የሸሹትን ገጽ እኔ ላንብብላችሁ ብላ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ ራሷ በተረጎመችው እንግሊዝኛ አነበበችው። ቀስ ብዬ የምቀዝፈው ለዚህ ነው ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር።

ዶክተር ሊንድኲስት ከወንበራቸው ተነሱ። በጣም ቆንጆ ነው አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ኋላ ላይ ሐምራዊት ይቅር ያላለቻቸው ይህን ልስላሴ ነው። ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን ይህ ዛሬችኒ ውስጥ የለም አሉ። መጽሐፉ ደወሉ ላይ ያልቃል። ፊልሞቹ የቆረጡት ነገር የለም። የሩሲያኛውን ቅጂ ከቦርሳቸው አውጥተው የመጨረሻውን ቅጠል ገልጠው አሳዩአት፤ ሐምራዊት የማታነበው ፊደል፣ ከሥሩ ባዶ ነጭ ወረቀት። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምናልባት የአገሯ ሰዎች የጨመሩት ይሆናል፣ ደስ የሚል ልማድ ነው አሉ። ሌሎቹ አጨበጨቡላት። ሕፃን ልጅ መዝሙር ተሳስቶ ሲጨርስ የሚጨበጨበው ዓይነት ነበር።

ፊልሙን አልጠበቀችም። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሃይ ስትሪት እያለፈ፣ ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ሲወርዱና ሲወጡ፣ ጉልበቷ ላይ የተቀመጠውን መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም።

ሰኞ ጠዋት ቤንዚን ማደያው ጋ አንድርያስ ገና ዞር ማለት ሲጀምር «ዝም በል» አለችው። እሱ ግን ቅዳሜ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ፍሥሐ ቀድተው ጨርሰው ገቡ፤ ቀበቷቸውን ሲያስሩ ከኋላ ነገረቻቸው። በሙሉ ነገረቻቸው። የሴትዮዋን ልስላሴ፣ ባዶውን ነጭ ወረቀት፣ ጭብጨባውን። ከዚያ የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። አጭበርባሪ አለቻቸው። የሞተ ሰው መቃብር ውስጥ ገብተው የራስዎን ልብስ አልብሰውታል አለቻቸው። በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተጫወቱ አለቻቸው። አንድርያስ «አላልኩም?» ማለቱን መሐል ላይ ሰማችው፤ ድሉን እንኳ ቀስ ብሎ አይቀበልም።

ጋሼ ፍሥሐ ሞተሩን አላስነሱም። በመስተዋቱ ተመለከቷት።

«ሩሲያኛው ላይ ራሱ የለም አለችሽ? በዓይንሽ አየሽው?»

«በዓይኔ አየሁት።»

ፊታቸው ተለወጠ። ሐምራዊት ኀፍረት ነበር የጠበቀችው፤ ቢያንስ ማስመሰል። የመጣው ግን ብርሃን ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ፊት እንደ ልጅ ፊት ወገግ አለ፣ እዚያው ማደያው ላይ፣ ከኋላ የቆመ መኪና ጡሩምባ እየነፋባቸው።

«እኔ አላውቅም ነበር፣» አሉ። «አርባ ዓመት አላወቅኩም፣ ሐምራዊት። የተረጎምኩት ሌኒንግራድ ተማሪ ሆኜ ነው፤ ሰባት ወር፣ ማደሪያ ቤት፣ ኩሽናው ውስጥ። በዚያን ጊዜ የምንተረጉመው እንዲሁ ነበር፣ እዚህ ትጨምሪያለሽ፣ እዚያ ትቆርጫለሽ፣ አማርኛው እንዲጥም። ሩሲያኛው ከሻንጣዬ ጋር ጠፋብኝ። አማርኛው ታትሞ ሲመጣ ሳነበው ያ ገጽ የሱ ይሁን የኔ ጠፋኝ። አንድ ቀን ጠጥቼ ለዚህ ለአንድርያስ አወራሁት። በቃ።»

«ላይብረሪው እኮ ቤትዎ አጠገብ ነው። ለምን አላዩትም?»

«ገጹ ባይኖር አጭበርባሪ ልሆን ነው። ቢኖር ደግሞ እኔ ምንም አይደለሁም።» ቁልፉን አዞሩ። «አጭበርባሪ መሆኑ ይሻላል።»

ደስታቸውን ሊደብቁ አልቻሉም፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ ነው። እሷ አርባ ሰው ፊት የተዋረደችበት ነገር ለሳቸው ሹመት ሆነላቸው። ጋሼ ፍሥሐ ያን ቀን እስከ ካናል ዊንቸስተር በሰዓት ሰባ ማይል ነዱ።

መኪናው ቆሞ ስትወርድ በሩን ይዛ «እርስዎ ያገኙትን ሁሉ ያጣሁት እኔ ነኝ» አለች። መልሳቸውን አልጠበቀችም። በማግስቱ ሳቢራ ከምትባል ሌላ ሠራተኛ ጋር ራይድ አገኘች። ክረምቱን በሙሉ ጋሼ ፍሥሐን የምታያቸው ከሩቅ ነበር፤ የተመለሰ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ሰው የጠላውን ጫማ ከሣጥን እያወጡ። ሁለት ጊዜ ስልኳ ላይ ኮል አደረጉላት። አላነሳችም።

የካቲት ላይ ልጃቸው ሔርሞን መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀቻት። ነርስ ናት፤ አማርኛ ትናገራለች፣ መጻፍ አትችልም። አባቷን ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው እንዳገኘቻቸው ነገረቻት፤ ልባቸው ነው። ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍላት ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፣ እነሱ ግን አባቷን ብዙ አያውቋቸውም፤ እሳቸውም ደጃፉን የሚረግጡት ለፋሲካ ብቻ ነበር። «ሁልጊዜ ስላንቺ ነው የሚያወሩት፣» አለች ሔርሞን። «ገጹን የሰጠችኝ እሷ ናት ይላሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

ሦስት ደብተሮችም አመጣችላት። ጋሼ ፍሥሐ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሲጽፉ ነበር። ልብ ወለድ ነው፤ የራሳቸው።

ሐምራዊት እሑድ ከቀትር በኋላ ተቀምጣ ሦስቱንም ጨረሰቻቸው። ጽሑፉ እንጨት እንጨት ይል ነበር። ሰዎቹ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ዐረፍተ ነገር የሚተነፍስ አጥታ ወደ ኋላ ተመልሳ ፈለገች። እዚያ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለባት፤ ይህን የጻፈ እጅ ያን ገጽ ሊጽፍ አይችልም። ያን ሐሳብ ዘጋችው፣ ከደብተሮቹ ጋር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አፏ ድረስ መጥቶ የዋጠችው ያኔ ነው።

የቀብር የሕይወት ታሪክ ትጠላለች። ሟቹ ሁሉ ለወግ ለማዕረግ የበቃ፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ ይሆናል። ይህን ግን ጻፈችው። ሌኒንግራድን ጻፈች፣ ሰባቱን ወር ጻፈች። ከዚያም «የአንድ ታላቅ ደራሲን ያላለቀ መጽሐፍ መጨረሻ የጻፉለት እሳቸው ናቸው» ብላ ጻፈች፤ ገጹንም በሙሉ ከሥሩ አሰፈረች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆማ አነበበችው። አንድርያስ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሰዉ ታሪኩ የታተመበትን የቀብሩን ፕሮግራም አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሔርሞንም መቃብሩ ላይ ከአባቷ ስም በታች ያችኑ አስቀረጸች፦ አውቅሃለሁ። ቀስ ብዬ የምቀዝፈው ለዚህ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐምራዊት ምሳ ሰዓቷ ላይ ከመጋዘኑ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ኢሜይሏን ከፈተች። ከዶክተር ሊንድኲስት ነው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ነገሩ እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ ፒተርስበርግ ላሉ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ጽፈው እንደነበር ይናገራል። ልብ ወለዱ መጀመሪያ የወጣው መጽሔት ላይ በተከታታይ ነው። መጽሔቱ ላይ ከደወሉ በኋላ አንድ ገጽ አለ። ተቺዎች ስለሳቁበት ዛሬችኒ ራሱ መጽሐፉ ሲታተም አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎች በታተመ አንድ ርካሽ ቅጂ ላይ ብቻ ተመልሶ ገብቶ ነበር። የናንተ ተርጓሚ በእጁ የነበረው እሱ መሆን አለበት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ ይላል። በሚመጣው ኅዳር እንደገና መጥታ እንድትናገርም ይጋብዛል።

ከሥሩ የገጹ ፎቶና፣ ቃል በቃል የተመለሰ እንግሊዝኛው ተያይዟል።

ሐምራዊት ከቦርሳዋ የቀብሩን ፕሮግራም አወጣች። ስልኩን በግራ፣ ፕሮግራሙን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በዓይኗ እየተከተለች፣ መስመር በመስመር አስተያየቻቸው። ማርፋ ትወርዳለች። እጁን ትይዘዋለች። ትቀዝፋለች። ታውቂኛለሽ ይላታል።

ጋሼ ፍሥሐ አንድ ቃል አልጨመሩም። አንድ ቃል አልቀነሱም።